ነሐሴ 20 ሲደመር አንድ ወር ስንት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቱሉ ዲምቱና በአቃቂ ዙሪያ ለእህል መጋዘንና ለወፍጮ ቤት ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች አሉ። ማሰልጠኛዎች ኦፐሬተር ኦቨርሎዲንግን (እንደ + ላሉ ምልክቶች አዲስ ትርጉም መስጠትን) ሲያስተምሯቸው አጻጻፉን ያሳያሉ፤ መቼ እንደማይጻፍ ግን አይነግሯቸውም። የምንጽፈው ስለዚህ ጉድለት ነው።

ራሳችን ለፈጠርነው ክላስ (የዳታ ዓይነት) +፣ - ወይም == (እኩል ነው ወይ የሚለው ምልክት) ምን እንደሚሠራ የምንወስነው እኛው ነን። የክብደት ክላስ ካለን 3 ኩንታል + 45 ኪሎ ብለን 345 ኪሎ እናገኛለን። ክብደት በቁጥር ሲባዛ ክብደት ነው፤ ክብደት ለክብደት ሲካፈል ግን ተራ ቁጥር ነው። ብር በብር ሲባዛ ምንም አይደለም፤ ስለዚህ አይጻፍ፣ ቋንቋው ራሱ እምቢ ይበል።

+ ሁልጊዜ አዲስ ኦብጀክት (ከክላሱ የተሠራ አንድ እሴት) ይመልስ፤ በግራ ያለውን አይንካ። ከነካው የመጋዘኑ ሪፖርት ሁለት ጊዜ ሲታተም ሁለት የተለያየ ድምር ያወጣል፤ ጥፋቱን ደግሞ ማንም + ውስጥ አይፈልገውም።

ከሁሉ አስቸጋሪው ቀን ነው። ቀን ከቀን ሲቀነስ የቀናት ብዛት ይሰጣል። ቀን ከቀን ጋር ሲደመር ትርጉም የለውም። ወር መደመር ሲመጣማ ጉድ ይፈላል፤ ከነሐሴ 20 አንድ ወር ቢቆጠር ጳጉሜን 20 የሚባል ቀን የለም። ኪራይ የሚሰበስብ መስከረም 20 ይላል። 30 ቀን የሚቆጥር መስከረም 15 ይላል፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ መስከረም 14። (6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ እንደ 2015 ዓ.ም.።) ሁለቱም አቆጣጠር በየቦታው ልክ ነው፤ + ግን የትኛውን እንደመረጠ አይናገርም። እዚህ ላይ «ወር_ጨምር» እና «ቀን_ጨምር» የሚባሉ ሁለት ሜተዶች (በስም የሚጠሩ የክላሱ ተግባራት) ይሻላሉ። የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ፓይተንም ጃቫም በፊደላችን የተጻፈ ስም ይቀበላሉ፤ ለምን እንደምናፍርበት አይገባንም።

በፓይተን (ስሪት 3) ለክላሱ == ን የጻፈ ሃሹንም (ኦብጀክቱ የሚፈለግበትን ቁጥር) መጻፍ አለበት። ካልጻፈ ኦብጀክቱ የዲክሽነሪ (እሴቶች በቁልፍ የሚቀመጡበት መዝገብ) ቁልፍ መሆን አይችልም፤ ፕሮግራሙ ወዲያው ስህተት ያወጣል። ይህስ ደግ ነው፣ ይጮሃል። የባሰው ሃሹ በሚለወጥ እሴት ላይ ሲሠራ ነው፦ ዕቃው ከተመዘገበ በኋላ ክብደቱ ቢታረም፣ እዚያው ዲክሽነሪ ውስጥ ተቀምጦ ሲፈለግ «የለም» ይባላል።

በሲ ፕላስ ፕላስ የምልክት ትርጉም እንጂ ቅደም ተከተል አይለወጥም። ^ ን ለርቢ ያዋለ ሰው ሀ + ለ ^ 2 ሲጽፍ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) (ሀ + ለ) ^ 2 ብሎ ያነበዋል። && ን («እና» የሚለውን ምልክት) በአዲስ ትርጉም የጻፈ ደግሞ ግራው ሐሰት ቢሆንም ቀኙ ከመሰላት አይድንም፤ «ፖይንተሩ (የዳታውን አድራሻ የያዘው) ባዶ ካልሆነ» የሚለው ጥበቃ በዚያው ይፈርሳል።

ጃቫ ይህን ሁሉ ለፕሮግራመሩ ከልክሏል፤ + ን ለስትሪንግ (ለጽሑፍ) ያዋለው ቋንቋው ራሱ ነው። ክልከላው ያለ ዋጋ አልመጣም፦ ትክክለኛ የገንዘብ ስሌት እዚያ የሜተድ ሰንሰለት ሆኖ ለዓይን ይከብዳል።

መምህራን በፈተና «የ+ ኦቨርሎድ ጻፉ» ከሚሉ፣ ለቀን ክላስ የትኞቹን ምልክቶች እንደማይጽፉና ለምን እንደሆነ ተማሪዎቹን ቢጠይቁ እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር
ፕሮግራመሮች፣ ከቱሉ ዲምቱ