ፖላንድስ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ አውሮፓ የወይን ጠጅ አገሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ስፔን፤ ያው የተለመዱት። ፖላንድ ግን አንዴም አልተነሳችም። ከቮድካ ሌላ የማታውቅ ይመስል!

በምዕራብ ፖላንድ፣ ለጀርመን ድንበር ቀረብ ብላ፣ ዜሎና ጉራ የምትባል ከተማ አለች። ወይን ማልማት የጀመረችው በመካከለኛው ዘመን ነው። እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ድረስ በጀርመን ሥር ነበረች፤ ያኔ ስሟ ግሩንበርግ ነበር። በ1826 እዚያ ሥራ የጀመረው የግሬምፕለር ድርጅት በጀርመን ምድር ሻምፓኝ መሳይ አረፋማ ወይን ካመረቱት ቀደምቶች አንዱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመናውያኑ ተባረሩ። ሙያውን የሚያውቁትም አብረው ሄዱ። በሶሻሊስቱ ዘመን የወይን እርሻው እየተመናመነ ሄደ፤ እንደገና ነፍስ የዘሩበት ከዚያ ወዲህ የመጡ አነስተኛ የግል አልሚዎች ናቸው።

በዓሉ ግን አልተቋረጠም ማለት ይቻላል። በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ «ቪኖብራኒዬ» የተባለው የወይን ለቀማ ፌስቲቫል ይከበራል። ከንቲባው የከተማዋን ቁልፍ ለወይን አምላኩ ለባኩስ ያስረክባል። (የኛም ከንቲባዎች ቁልፉን አልፎ አልፎ ቢያስረክቡ አይከፋም!)

ለሚቀጥለው ጽሑፋችሁ አስቡበት።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ