ለ7ኛ ክፍል ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ የዓርቡን ጉብኝት ይመለከታል

ውድ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልኝ።

ዓርብ ልጆቻችን ዕፅዋት ሊያጠኑ ወደ ፋሲል መዋኛና ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። አምና ብዙዎቻችሁ በዕለቱ ልጆቹን ቤት አስቀራችኋቸው። ዘንድሮም የፈቃድ ወረቀቱ ገና ከግማሹ ክፍል አልተመለሰም። «ሽርሽር ነው» መባሉንም ሰምቻለሁ። ሽርሽር አይደለም፤ የሳይንስ ትምህርት ነው።

«ዛፍ ለማየት እዚያ ድረስ?» ትሉ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት መምህራቸው የጥድና የወይራ ቅርንጫፍ ይዞ ክፍል ገባና ስማቸውን ጻፉ አላቸው። የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን እያዩ ያደጉ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ግን በሁለቱም ትይዩ «ዛፍ» ብለው ጻፉ። አንዷ ብቻ ቅጠሉን በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችና «ይሄ ጥድ ነው፣ አያቴ ግቢ አለ» አለች። እኔ ሁሉም እንደሷ እንዲያውቁ ነው የምፈልገው።

መዋኛው ዙሪያ የትልልቆቹ ዛፎች ሥር የግንቡን ድንጋይ ጨምድዶ ይዞታል። ሥር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው እንዲህ የሚያሳይ ሥዕል መጽሐፋቸው ውስጥ የለም። በአካባቢያችን ነባር ዛፍ በብዛት የተረፈውም በቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ነበር፤ ስለ ኮሶ ጽፎ ሥዕሉን በመጽሐፉ አውጥቷል። ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ያጠናውን ዛፍ የጎንደር ልጅ ሳያውቀው ሲቀር ያንገበግበኛል።

ስለ ገንዘብ ለምትጨነቁ፦ ክፍያ የለም። በእግር ነው የምንሄደው፤ የመግቢያውን ትምህርት ቤቱ ይጨርሳል። ውሃው ለሚያሰጋችሁ፦ ገንዳው ከቀሐ ወንዝ በሚመጣ ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ ያም ሆኖ አራት መምህራን አብረዋቸው ይሆናሉ። ሃይማኖታችሁ ሌላ ለሆነ፦ ልጆቹ የሚቆሙት አጸዱ ውስጥ ዛፎቹ ዘንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግባ የሚላቸው የለም። ቅር የሚላችሁ ነገር ካለ ቢሮዬ ኑና እንነጋገር። ብቻ እባካችሁ፣ ዝም ብላችሁ ልጁን አታስቀሩት።

«ፈተና ደርሷል፣ ቤት ያጥና» የምትሉም አትጠፉም። ከጉብኝቱ ፈተና ላይ ጥያቄ ይወጣል።

ወረቀቱን ፈርማችሁ እስከ ረቡዕ ላኩልኝ። ልጆቹ ዓርብ 2 ሰዓት ላይ በር ላይ ይገኙ፤ ደብተር፣ ውሃና ትንሽ ቆሎ ይያዙ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ