ፕሮፔለሩ ይበየዳል ወይስ ይጣላል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ስለ ሐይቅ ጀልባዎች ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤ አንድ ቦታ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ፣ ክንፉ የተጎዳ ፕሮፔለር (ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው) መላ የለውም አዲስ መግዛት ነው የሚለው ላይ። እኔ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ገላን ቶርኖ ቤት ነው የምሰራው። ባህር የሌለው አገር ቶርኖ ቤት ከፕሮፔለር ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል፣ ግን ከባቱም ከሀዋሳም አንዳንዴ ከባህር ዳርም ይመጣል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ጅቡቲ ወደብ ጀልባ ላይ የሚሰሩ ልጆች በመኪና ሹፌር አስይዘው የባለ ሸራ ጀልባ ፕሮፔለር ይልኩልናል፣ መንገዱ በደጃችን አይደል የሚያልፈው።

ይጠገናል አይጠገንም የሚወስነው ክንፉ የቱ ጋ እንደተጎዳና ከምን እንደተሰራ ነው። ጠርዙ ላይ ድንጋይ ነክቶት ትንሽ የተሸረፈ በሞረድ ተስተካክሎ ይሰራል። ጫፉ የታጠፈ ወይም ትንሽ የተቆረሰ ከሆነ ተቃንቶ፣ የጎደለው በብየዳ ተሞልቶ፣ በግራይንደር ቅርጹ ይመለሳል፣ አሉሚኒየም ከሆነ በአርጎን ጋዝ ብየዳ፣ ነሐስ ከሆነ በራሱ ዓይነት ዘንግ። ክንፉ ከሥሩ ከተሰነጠቀ ግን እኔ አልነካውም፣ ምክንያቱም ውሃውን ሲገፋ ጭነቱ ሁሉ የሚያርፈው እዛ ሥሩ ላይ ነው፣ እዛ ጋ የተበየደ ክንፍ ሐይቅ መሀል ተገንጥሎ ቢሄድ የሚጎዳው ሰው ነው። ያኔ ጽሁፋችሁ ልክ ነው፣ አዲስ ይገዛ።

በነገራችን ላይ ናስና ነሐስ የምትበይዱ ወንድሞቼ፣ ከዚንኩ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ ወተት ጠጣሁ ብሎ መዝናናት ዋጋ የለውም፣ በር ክፈቱ ማስክ አድርጉ።

ትልቁ ችግር የማየው ብየዳው ላይ አይደለም ከብየዳው በኋላ ነው። አንዱን ክንፍ ሞልተው አሳምረው ቀብተው ይሰጣሉ፣ ባላንስ የሚባል ነገር የለም። ጎሚስታ ቤት እንኳን ጎማ ተቀይሮ ባላንስ ሳይደረግ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ይሄ ደግሞ ውሃ ውስጥ ነው የሚሽከረከረው፣ ንዝረቱ ቀስ እያለ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን ሲል፣ ኩሽኔታውን፣ በሻፍት የሚሄድ ጀልባ ከሆነ ደግሞ ውሃ ውስጥ ሻፍቱን የያዘችውን ጎማ ለበስ ቦኮላ ይበላል። መሳሪያ የለንም ማለት ሰበብ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ ስል ብረቶች ጎን ለጎን በውሃ ልክ አስተካክሎ፣ ፕሮፔለሩን በልኩ በተቶረነ ዘንግ ላይ አርጎ እነሱ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ከባዱ ክንፍ ራሱ ወደ ታች ይዞራል፣ ከጀርባው ትንሽ ትንሽ መፍጨት፣ የትም ብታቆመው የሚቆም እስኪሆን።

ፒቹም እንደዛው ይለካል። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር በስሌት ምን ያህል ወደፊት እንደሚሄድ ነው፣ 19 የሚል ከተጻፈበት 19 ኢንች፣ ወደ 48 ሳንቲም። ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ክንፉ ላይ ከመሀል እኩል የራቁ ሁለት ነጥቦች ይያዙ፣ በመካከላቸው 30 ዲግሪ ይሁን፣ የከፍታ ልዩነታቸው በ12 ሲባዛ ፒቹ ይወጣል (30 ዲግሪ የክቡ አንድ አስራ ሁለተኛ ስለሆነ)። ሌሎቹ ክንፎች ላይም በዛው ርቀት ለክቶ ማወዳደር ነው፣ ካልተቀራረቡ ስራው አላለቀም።

የሸራ ጀልባው ነገር ትንሽ ለየት ይላል። ብዙዎቹ በሸራ ሲሄዱ ውሃውን እንዳይጎትት ክንፉ የሚታጠፍ ፕሮፔለር አላቸው፣ ክንፎቹ ፔርኖ (መታጠፊያ ዘንግ) ላይ ናቸው፣ ሥራቸው ላይ ባለው ጥርስ ተያይዘው እኩል ይከፈታሉ። እዚህ ላይ አንዱን ክንፍ ብቻ መቀየር የሚባል ነገር አይዋጥልኝም፣ ክብደቱ ከሌላው ከተለየ ጥርሱም አንዱ አዲስ አንዱ የተበላ ከሆነ እኩል አይከፈትም ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚ ከአምራቹ ጥንዱን ማዘዝ ነው። ደግሞ ጨው ውሃ ውስጥ በክንፉ ፈንታ እንዲበላ የሚታሰረው መከላከያ ዚንክ አልቆ የቆየ ክንፍ ይመጣል፣ በተለምዶ ነሐስ እንበለው እንጂ ብዙው መዳብና ዚንክ ነውና ዚንኩን ባህሩ በልቶት ቀለሙ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ በመዶሻ ቀስ ብለህ ስትመታው ጤነኛው እንደ መጮህ ይላል ይሄ ግን ደፍ ይላል። እሱን መበየድ ብር መቀበል ብቻ ነው፣ እኛ እንመልሳለን።

አዲስ ግዙ ያላችሁትም ቢሆን አንድ ትልቅ ነገር ዘላችኋል፣ ከፍታ። ጣና ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው፣ ሀዋሳ ወደ 1,700። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ጣና ላይ ከ100 ፈረስ ወደ 18ቱ የለም ማለት ነው። ባህር ጠለል ላይ ለሚነዳ ጀልባ የተመረጠ ፕሮፔለር እዛ ላይ ሲታሰር ሞተሩ የተጻፈለትን ዙር አይደርስም፣ ያጓራል ነዳጅ ይጨርሳል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሞተሩን ያስፈታል። ፒቹን በአንድ ኢንች ሲቀንሱ ዙሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል፣ አንድ ወይ ሁለት ኢንች ዝቅ ያለ መግዛት ነው፣ ትክክለኛውን ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጥቶ ነድቶ ዙሩን አይቶ መወሰን ይቻላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ አውትቦርድ (ከጀልባው ኋላ በውጪ የሚታሰር ሞተር) ከሆነ ፕሮፔለሩ መሀል ላይ ያለችውን ጎማ እዩ፣ እሷ ከለቀቀች ሞተሩ ይጮሃል ጀልባው አይሄድም፣ ሰው ክንፉ ነው ብሎ ይፈርዳል። ከውስጠኛው ቀለበት ወደ ውጪኛው አንድ መስመር በቀለም አስምራችሁ ንዱት፣ መስመሩ ከተለያየ ጥፋቱ የጎማዋ ነው።

ወደ ቶርኖ ቤት የምትልኩ ሰዎች፣ ክንፉን ብቻ ቆርጣችሁ አትላኩ እባካችሁ፣ ከነመሀሉ ከነፔርኖው ይምጣ፣ የተቀረጸውንም ቁጥር በግራይንደር አታጥፉብን።

ከገላን፣ አንድ የቶርኖ ባለሙያ