የብድሩ ገንዘብ በማን ንግድ ይግባ?

ውድ ጓደኛዬ፣

ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብዬ ከርሜ ዛሬ መጻፌ ጉዳይ ገጥሞኝ እንደሆነ ሳትጠረጥሪ አትቀሪም። ጥርጣሬሽ ልክ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ወቀሳውን ስንገናኝ እቀበላለሁ።

ለስፌት ሥራዬ የጠየቅሁት ብድር ተፈቀደልኝ። የስፌት መኪና ልጨምርበት ሳስብ፣ ባለቤቴ ገንዘቡ ለጊዜው በእሱ የጅምላ ንግድ ውስጥ ቢገባ ቶሎ እንደሚያተርፍ ነገረኝ። ክፋት የለበትም፤ ስሌቱም የተሳሳተ አይደለም። የጨነቀኝም ስሌቱ ልክ መሆኑ ነው።

ሰሞኑን በዚህ ጉዳይ የተጻፈ ሳነብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የስሪላንካ ጥናት፣ ለአነስተኛ ነጋዴዎች በዕጣ ገንዘብ ሲሰጥ የወንዶቹ ትርፍ ሲያድግ የሴቶቹ ግን በአማካይ ንቅንቅ አላለም። ይህን ብቻ ያየ ሰው ሴት ገንዘብ ማሠራት አታውቅም ብሎ ይደመድማል፤ የክፍላችንን መዋጮ በአንቺ እጅ ያየ ግን አይደፍርም። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት የስሪላንካን፣ የህንድንና የጋናን መረጃ አንድ ላይ ሲመረምር፣ በቤቱ ያለችው ነጋዴ እሷ ብቻ ስትሆን ትርፏ በደንብ እንደሚያድግ፣ ባሏም ሲነግድ ግን የተሰጣት ገንዘብ ወደ እሱ ንግድ እንደሚሻገር አሳየ። የቤተሰቡ ገቢ ገንዘቡን የተቀበለው ባልም ሆነ ሚስት እኩል ያድጋል። እንግዲህ ቤታችን አይጎዳም፤ ዕዳው ግን በስሜ ይጻፋል፣ እድገቱ በእሱ መዝገብ ይታያል፣ በሚቀጥለው ዓመት አበዳሪው የእኔን ሒሳብ ሲያይ ባለችበት የቆመች ሴት ያገኛል።

የእሱ ዘርፍ ከእኔ ይበልጥ ማትረፉም የጉብዝና ጉዳይ አይመስለኝም። በኡጋንዳ ወንዶች በሚበዙበት ዘርፍ የገቡ ሴቶች ከወንዶቹ የማያንስ ገቢ እንደሚያገኙ ተጠንቷል፤ እኛ ግን አብዛኞቻችን ብዙ ሰው በተሻማበት፣ ትርፉ በሳሳ ሥራ ላይ ተደራርበናል።

አሁን የማስበው፣ እንዴት እንደምልሽ አላውቅም፣ ከገንዘቡ ከፊሉን ለእሱ በጽሑፍ ውል ማበደር ነው። ባልን ማስፈረም ያሳፍረኛል፤ ሳላስፈርም ብሰጠው ደግሞ በሆዴ መቁጠሬ አይቀርም። አንቺ ከባልሽ ደረሰኝ እየተቀበልሽ በሰላም የምትኖሪ ሴት ስለሆንሽ፣ መጀመሪያ ቀን ነገሩን በምን አፍ እንዳነሣሽበት ንገሪኝ። ገንዘቡ በወሩ መጨረሻ ስለሚለቀቅ መልስሽ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።

ያንቺው