«ቪዛ ሲመታ ብቻ ክፈሉ» ለምን ቀረ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የቪዛ ማመልከቻችሁን አዘጋጅተንላችሁ «ቪዛ ሲመታ ብቻ ክፈሉ» የምንልበት አሠራራችን ከዚህ ወር መጀመሪያ ጀምሮ ቀርቷል። ብዙዎቻችሁ እንደከፋችሁ አውቃለሁ። ስልክ የዘጋችሁብኝ አላችሁ። ፓስፖርታችሁን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታችሁ የሄዳችሁም አላችሁ። አንድ የቆዩ ደንበኛ ደግሞ «እናንተም በሰው ተስፋ መነገድ ጀመራችሁ?» የሚል መልእክት ላኩልኝ። ማታ አነበብኩት፤ ጠዋት ደግሜ አነበብኩት። እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ጥፋታችንን ላስቀድም። ውሳኔውን የሰማችሁት በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። ደውለን መንገር ነበረብን። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለውሳኔው ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ምክንያቱ ረዘም ስለሚል ትንሽ ታገሡኝ።

አሠራሩን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ከ11 ዓመት በፊት ቢሮውን ስከፍት ያለኝ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ወረቀት የሚያኝክ ፕሪንተር ነበር። ማንም አያውቀኝም። ሰው እንዲያምነኝ ማድረግ የምችለው ነገር ቢኖር «ካልተሳካ አትከፍሉም» ማለት ነበር። ሠራልኝ። ብዙዎቻችሁን ያገኘሁት በዚያች ቃል ነው። አሁን ሳነሳት ለእኔም ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ግን አንድ ነገር አለ። ቪዛ የምንሰጠው እኛ አይደለንም። ማመልከቻ የሚቀበላችሁ ማዕከልም አይሰጥም፤ እዚያ ያሉት ልጆች ወረቀት ይቆጥራሉ፣ አሻራ ይወስዳሉ፣ ፓስፖርት ያሽጋሉ። የሚወስነው ቆንስላ ውስጥ የተቀመጠው ኦፊሰር ነው። እሱ ፋይላችሁን ሲገልጥ ማን እንዳዘጋጀው ግድ አይሰጠውም። የአሜሪካን የጉብኝት ቪዛ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ አንቀጽ 214 ቢ፣ አመልካቹን ከመነሻው የሚያየው እዚያው ሊቀር እንደሚሄድ ሰው ነው። እንደማይቀር ማስረዳት ያለበት አመልካቹ ራሱ ነው፤ ያውም በጥቂት ደቂቃ ኢንተርቪው። እኔ ከመስኮቱ ኋላ ቆሜ አልመልስላችሁም። ታዲያ በማልወስነው ነገር ላይ ተንጠልጥዬ የሠራተኛ ደሞዝ መክፈል እስከ መቼ?

ይህን ግን እችለው ነበር። 11 ዓመት ችዬዋለሁ። ያስወሰነኝ ሌላ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት መጣ። ጥሩ ሥራ አለው፤ ትሑት ልጅ ነው። የባንክ ስቴትመንቱን ስንዘረጋው ስድስት ወር ሙሉ ደሞዝ ይገባል፣ በሳምንቱ ያልቃል። እንደ ሁላችንም። ከዚያ ስቴትመንቱ ከመታተሙ 3 ቀን ቀደም ብሎ አንድ ትልቅ ገንዘብ ገብቷል። የደሞዙን 20 እጥፍ ያህላል። «ይሄ ከየት መጣ?» አልኩት። አጎቱ አበድረውት ነው። ቪዛው እንደመጣ ይመልስላቸዋል።

ኦፊሰሩ ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልገውም። እሱ የመጨረሻዋን ድምር ብቻ አያይም፤ የገንዘቡን አገባብና አወጣጥ ያነባል። በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚገባ ደሞዝ በአንድ ሌሊት ከወረደ ሀብት ይልቅ ያሳምነዋል። አጎትየው በእርግጥ ወጪውን የሚሸፍኑ ከሆነ መንገዱ ቀላል ነው፤ በራሳቸው ስም ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ የራሳቸውን ስቴትመንት ያያይዛሉ፣ ዝምድናው በወረቀት ይታያል። ስፖንሰር መኖሩ ነውር አይደለም። መደበቁ ነው ጣጣው።

ይህን ነግሬው ለሌላ ጉዳይ ወጣሁ። ስመለስ ሠራተኛዬ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሳ የልጁን የሥራ ደብዳቤ ስካን ከፍታ አገኘኋት። ደሞዙን ከፍ ልታደርገው ነው። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ክፉ ሥራ የምታውቅ አይደለችም። ስጮህባት ቀና ብላ ያለችኝን አልረሳውም፦ «ሲመታ አይደል እንዴ እኛም የምንበላው?»

ቁጭ አልኩ። እውነቷን ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቪዛ ሲመታ ብቻ የሚበላ ሰው፣ አንድ ቀን ፋይል ማሳመር ይጀምራል። መጀመሪያ ቀን ያስተካክላል፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ ከዚያ ማህተም። ደብዳቤው አልተላከም፤ እግዜር ይስጠው በሰዓቱ ደረስኩ። ቢላክና ቢታወቅስ? እንግሊዝ በማመልከቻ ላይ ያታለለን ሰው እስከ 10 ዓመት ልትከለክለው ትችላለች። ካናዳ 5 ዓመት። አሜሪካ ደግሞ በልዩ ፈቃድ ካልተነሣለት በቀር ዕድሜ ልክ። የሚከለከለው ልጁ ነው፤ እኔ አይደለሁም። እኔ በማግስቱ ሌላ ፋይል እከፍታለሁ።

የድሮው አሠራር ያበቃው ያን ዕለት ነው። በር ላይ ለመለጠፍ ብቻ ወራት ፈጀብኝ፤ ስለፈራሁ።

«ሌሎቹ አሁንም ሲመታ ነው የሚቀበሉት» ያላችሁኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ስለ ሌሎች አላወራም። ግን «መቶ በመቶ እርግጠኛ ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ እርግጠኛ የሆነበትን ነገር ጠይቁት።

«ታዲያ እናንተ የምንከፍላችሁ ለምኑ ነው?» ለሚለው፣ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ። ይህን ቢሮ ከመክፈቴ በፊት እኔም ለሼንገን ቪዛ፣ ማለትም ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ አመልክቼ ተከልክያለሁ። ወረቀቱ ላይ ከተደረደሩት ሳጥኖች አንዷ ላይ ምልክት ተደርጎባታል፤ የጉዞው ዓላማና ሁኔታ አላሳመነንም ነው ነገሩ። እኔ ደግሞ የምሄደው ለጓደኛዬ ሠርግ! ተናደድኩ፣ ሰደብኳቸው፣ አለቀስኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቶቼን አልጋ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። የግብዣው ደብዳቤ ከ12 እስከ 26 ይላል። የመሥሪያ ቤቴ የፈቃድ ደብዳቤ ከ10 እስከ 20። የሆቴሉ ቦታ ማስያዣ ለ4 ሌሊት ብቻ። ኢንሹራንሱ በ24 ያበቃል። አንዱም ወረቀት ውሸት አልነበረም። አብረው ግን አይቆሙም። ሠርጉ አለፈኝ።

የምትከፍሉን ለዚያች አልጋ ላይ ንባብ ነው። እኔና ሠራተኛዬ እየተቀያየርን እናነባለን። ፓስፖርቱ ከሼንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር ይቆያል? ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የወጣ ነው? ሁለት ባዶ ገጽ አለው? ኢንሹራንሱ 30,000 ዩሮ ይሸፍናል? ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው፤ ቀጠሮ ቶሎ ለሚሰጠው አገር አይደለም። በዚህ በመጨረሻው ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል!

ሥራው ቪዛው ሲመጣም አያልቅም። አንዲት እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሉ የሼንገን ቪዛቸው ወጣ። ስቲከሩ ላይ «እስከ» የሚለውን ቀን አይተው የመመለሻ ትኬታቸውን እዚያው ቀን ላይ ቆረጡ። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የቆይታ ቀን ማንም አላሳያቸውም። ቪዛው ለ45 ቀን ያገለግላል፤ መቆየት የሚቻለው ግን 30 ቀን ነው። የቀረው 15 ቀን ጉዞው ቢንሸራተት ተብሎ የሚሰጥ መተንፈሻ ነው። ስቲከሩን ለእኔ ለማሳየት ብቻ ጎራ ባይሉ ኖሮ ሁለት ሳምንት አሳልፈው፣ ለሚቀጥለው ማመልከቻቸው ችግር ይዘው ይመለሱ ነበር። ረጅም የሼንገን ቪዛ ያላችሁም እንዳትረሱ፦ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አይቻልም። የአንድ ዓመት ቪዛ አንድ ዓመት መኖሪያ አይደለም።

ስለ ዋጋም ላንሳ፣ ደስ ባይለኝም። የቢሮ ኪራይ፣ ተርጓሚ፣ ኢንተርኔት፣ ሁሉም ወጥቷል። እኛ ላይ የምታማርሩት ጭማሪ ግን ብዙው የእኛ አይደለም። የሼንገን ክፍያ 60 ዩሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 80 ወጣ፣ በ2024 ሰኔ ደግሞ 90። የአሜሪካው በ2023 ከ160 ወደ 185 ዶላር ወጣ። ከዚህ አንዲት ሳንቲም ወደ እኛ አትመጣም። ሲከለክሏችሁም አይመልሱም። ለእነሱ ግን «በሰው ተስፋ ትነግዳላችሁ» ብሎ የጻፈላቸው ያለ አይመስለኝም። ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ግን ወጣ፣ ይቅር።

ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመጣን ፋይል መመለሳችንም አስከፍቷችኋል። የሼንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ መግባት ይችላል። ውሳኔው በተለምዶ 15 ቀን ይፈጃል፤ እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። ቀጠሮ መጠበቁ ለብቻው ነው። በሦስት ሳምንት ይደርሳል ብዬ ብቀበላችሁ፣ የምትከስሩት ትኬቱን ጭምር ነው። ቀጠሮ አስቀድመው ይዘው ከሚሸጡ ሰዎችም አልገዛም። እሱንም ጠይቃችሁኛል።

አሁን የሚሆነውን ልንገራችሁ። በድሮው ውል ፋይል የከፈታችሁ በድሮው ውል ትጨርሳላችሁ፤ ቃል ቃል ነው። አዲስ የምትመጡ ክፍያውን በሁለት ታደርጉታላችሁ፣ ግማሹን ስንጀምር፣ ግማሹን ፋይሉን አሟልተን ስናስረክባችሁ። ከተከለከላችሁ የእምቢታ ደብዳቤውን ይዛችሁ ኑ። በነጻ አብረን እናነበዋለን። ይግባኝ የሚያዋጣ ከሆነ እንነግራችኋለን፤ ካላዋጣም እንነግራችኋለን። በአንድ ዓመት ውስጥ ድጋሚ ብታመለክቱ በግማሽ ዋጋ እንሠራለን። ፋይላችሁ ገና አልደረሰም ብለን ስንመልሳችሁ ደግሞ ምንም አንቀበልም። ይህ ከድሮም ነበር፤ ማንም ግን አያነሳልኝም።

ያ ወጣት አጎቱን ይዞ ተመለሰ። አጎትየው ደብዳቤውን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ በእጃቸው ጻፉ። ቪዛው መጣም ቀረም አልነግራችሁም፤ ያልኩት ሁሉ በእሱ እንዲመዘን አልፈልግም። ሠራተኛዬም አብራኝ አለች። አሁን ከእኔ በላይ የማይገጥም ቀን የምትለቅመው እሷ ናት።

በመጨረሻ፣ መልእክቱን ለላኩልኝ ደንበኛ። ስምዎን አልጠራም። የዚያን ዕለት ፓስፖርትዎን አንስተው ሲወጡ ሁለት ፎቶግራፎችዎ መሳቢያዬ ውስጥ ቀርተዋል። የሚፈለገው ከ6 ወር ያልበለጠ ፎቶ ነው። የእርስዎ ገና ሁለት ወሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት