ከሌክ ኒድውድ ግድብ በታች ለምንኖር ሰዎች

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሌክ ኒድውድ ግድብ የሚወራውን ስሰማ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፍላችሁ። ሐይቁን ሜሪላንድ ያለን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፣ ሮክቪል አጠገብ ነው፣ ልጆች ይዘን የምንሄድበት፤ ግን ውሃውን የያዘው በ1960ዎቹ ሮክ ክሪክ ላይ ለጎርፍ መከላከያ ተብሎ የተሠራ የአፈር ግድብ መሆኑን ልብ የሚል ሰው ትንሽ ነው። አንዱ ኢንተርኔት ላይ ለግድቡ የተሰጠውን «ሃይ ሃዛርድ» (ከፍተኛ አደጋ) የሚል ደረጃ ያይና ሊፈርስ ነው ብሎ ሰው ያስደነግጣል፣ ሌላው ደግሞ ባዶ ወሬ ነው ብሎ ይተወዋል።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ደረጃው የሚሰጠው ግድቡ ቢፈርስ ከታች ያለው ምን ይሆናል ተብሎ ነው፣ ሰው ሊሞት ይችላል ከተባለ ግድቡ የፈለገውን ያህል ጠንካራ ቢሆን ሃይ ነው የሚባለው። ጥንካሬው በኢንስፔክሽን ለብቻው ይታያል። እንዲያውም ግድቡ ምንም ሳይሆን፣ ድሮ እርሻ በነበረው ቦታ ላይ ቤት ስለተሠራ ብቻ ደረጃው ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ።

በፈረንጆቹ ጁን 2006 ለቀናት ሲዘንብ ውሃው ከመደበኛው ከ20 ጫማ በላይ ከፍ አለና ግድቡ ማዥት ጀመረ፣ ከዛ አስፐን ሂል አካባቢ ወደ 2,200 ሰው ከቤቱ እንዲወጣ ተደረገ። እግዚአብሔር ይመስገን ግድቡ ያዘ። የአፈር ግድብ ክፋቱ ውሃው ውስጥ ለውስጥ አፈሩን እየጠረገ መንገድ ካገኘ ነገሩ በጣም መፍጠኑ ነው፣ የዛፍ ሥርና አውሬ የቆፈረው ጉድጓድ እንኳ በር ይከፍትለታል፣ ግድቡ ላይ ዛፍ እንዲበቅል የማይፈለገውም ለዚህ ነው። ትንሽ ነው ምን ያመጣል ለሚል ሰው ደግሞ፣ በ1977 ጆርጂያ ውስጥ ቶኮዋ ላይ አንድ ትንሽ የአፈር ግድብ ሌሊት ሰው በተኛበት ፈርሶ 39 ሰው ገድሏል።

እኔን የሚያሳስቡኝ ከወንዙ አጠገብ ቤዝመንት የተከራዩ ወገኖቻችን ናቸው፣ ማታ ሠርተው ቀን ስልክ አጥፍተው የሚተኙት፣ ከአገር ቤት የመጡት እናቶችና አባቶች ደግሞ በእንግሊዝኛ «ውጡ» የሚል ሜሴጅ ቢደርሳቸው ማን ያነብላቸዋል? ካውንቲው ስንት ነገር በአማርኛ እያስተረጎመ ይሄ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም። ግድቡ ቢፈርስ ውሃው የትኞቹን መንገዶች እንደሚይዝና ሰው በየት በኩል እንደሚወጣ ጠይቃችሁ በጋዜጣችሁ ብታወጡልን ትልቅ ውለታ ነው፣ እኛም ቤተክርስቲያንና መስጊድ ላይ እንለጥፈዋለን።

ሌላ ደግሞ፣ ሬንተርስ ኢንሹራንስ አለኝ ብላችሁ የተቀመጣችሁ፣ አብዛኛው የጎርፍን ጉዳት አይከፍልም። የጎርፉ ለብቻው ነው የሚገዛው፣ ብዙውን ጊዜም ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ዝናቡ ከመጣ በኋላ መደወል አይጠቅምም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአስፐን ሂል አንባቢያችሁ