ይድረስ ለዋና አዘጋጁ፦ የኩሬተር ፌሎሺፕ ማስታወቂያ ወሳኙ ማን እንደሆነ ይንገረን

ክቡር አዘጋጅ፣

አንድ የዘመኑ ሥነ ጥበብ ጋለሪ ለጀማሪ ኩሬተሮች (ዐውደ ርዕይ ቀርጸው ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች) ስላዘጋጀው የአንድ ዓመት ፌሎሺፕ፣ ማለትም በሥራ ላይ የመሠልጠን ዕድል፣ በጥበብ ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ዕድሉ መከፈቱም ሆነ እናንተ ለአንባቢ ማድረሳችሁ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ስለ ማመልከቻው ቀነ ገደብ፣ ስለሚያስፈልጉት የድጋፍ ደብዳቤዎችና ስለ ጋለሪው ዝና በሰፊው ሲያትት፣ አመልካቹ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባውን ጉዳይ ሳይነካ አልፏል፤ ይኸውም ተመራጩ በቆይታው ቢያንስ አንድ ዐውደ ርዕይ በራሱ ውሳኔና ለዚያው ተብሎ በተመደበ በጀት የማዘጋጀት መብት ይኖረዋል ወይስ አይኖረውም የሚለው ነው። ዐውደ ርዕይ በማዘጋጀት ሥራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንደቆየ ሰው፣ ፌሎሺፕን ስሙ ካማረ የረዳትነት ሥራ የሚለየው ይህ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው ከሙያው አነሳስ ጋር የተሳሰረ ነው። ኩሬተር ሲባል ለረጅም ዘመን የሙዚየም ስብስብ የሚጠብቅ፣ የሚመዘግብና የሚያጠና ሰው ማለት ነበር፤ ዐውደ ርዕይን ከሐሳቡ ጀምሮ የሚቀርጸው ባለሙያ ጎልቶ የወጣው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1969 ሃራልድ ዜማን ስዊዘርላንድ በርን ከተማ በሚገኘውና ራሱ ይመራው በነበረው ኩንስትሃለ በተባለ የሥነ ጥበብ ማሳያ ተቋም ባዘጋጀው ዐውደ ርዕይ ላይ አርቲስቱ ሎውረንስ ዊነር የሥራው አካል አድርጎ ከግድግዳው ልስን ላይ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ አስነሣ፤ ሌላው አርቲስት ማይክል ሃይዘር ደግሞ ከሕንጻው ደጅ ያለውን የእግረኛ መንገድ በብረት ኳስ አስደበደበ። ከተማው ተቆጣ። ዜማንም በዚያው ዓመት የተቋሙን ኃላፊነት ለቅቆ በግሉ መሥራት ጀመረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በጀርመኗ ካሰል ከተማ ዶኩመንታ የተባለውን ታላቅ የዘመኑ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ለአምስተኛ ጊዜ ሲካሄድ የመራው እሱ ነበር። የነጻ ኩሬተርነት ፈር ቀዳጅ ተብሎ የሚጠራው ሰው ራሱን የቻለው፣ በአዳራሹ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ወሳኙ ማን ነው የሚለው ክርክር ከገፋ በኋላ ነው ማለት ነው።

ሙያውን በመደበኛነት ማስተማር የተጀመረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። በፈረንሳይ ግሬኖብል የሚገኘው የማጋዛን የጥበብ ማዕከል በ1987 የኩሬተሮች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የአምስተርዳሙ የጥበብ ማዕከል ደ አፔል በ1994 ተከተለ፤ በአፍሪካም ቢሲ ሲልቫ ሌጎስ ላይ የመሠረተችው የዘመኑ ሥነ ጥበብ ማዕከል ከ2010 ጀምሮ አሲኮ የተባለውን ከአገር አገር የሚዘዋወር ትምህርት ቤት አካሄደ። ሰውን ኩሬተር የሚያደርገው ዲግሪው እንዳልሆነም ናይጄሪያዊው ኩሬተር ኦክዊ ኤንዌዞር ጥሩ ምስክር ነው፤ የተማረው ፖለቲካል ሳይንስ ሲሆን በ2002 አስራ አንደኛውን ዶኩመንታ መርቷል። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ የተቀመጠው በሥነ ጥበብ ታሪክ የማስተርስ ዲግሪ ይኑረው የሚለው መስፈርት ብዙም አያሳምነኝም፤ ሆኖም ዋናው ቅሬታዬ ይህ ስላልሆነ አላከርረውም።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ የፌሎሺፕ ተመራጭ ዝቅ ያለ ሥራ አይሥራ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ሙያው የሚለመደው እጅን በማስገባት ነው። በውሰት የመጣ ሥዕል በሳጥኑ እንዳለ ለአንድ ሙሉ ቀን ሳይከፈት የሚቆየው ከክፍሉ ሙቀትና እርጥበት ጋር እንዲላመድ ነው። ከዚያ ሳጥኑ ይከፈትና ባትሪው ከጎን በኩል ወደ ሥዕሉ ገጽ ዘንበል ተደርጎ ይበራል፤ ፊት ለፊት ሲታይ ምንም የሌለው የሚመስለው ሸራ በዚያ ብርሃን የተነሣ ቀለሙን፣ የተሰነጠቀውን ጥግና የቀድሞውን ጥገና ሁሉ ያጋልጣል። እያንዳንዱ ጉድለት ቦታውና መጠኑ ተለክቶ ሥራው ሲመጣ የነበረበትን ሁኔታ በሚመዘግበው የይዞታ መግለጫ ላይ ይሰፍራል፤ ሥራው ሲመለስ ጭረቱ የማን እንደሆነ ክርክር ቢነሣ ዳኛው ይህ ወረቀት ነው። በወረቀት ላይ የተሠራ ሥራ ከ50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) በላይ ብርሃን እንዳያገኘው መጠበቅን፣ የውሰት ውል አንቀጽ በአንቀጽ ማንበብን፣ ለተመልካች የሚሆን መግለጫ ጽሑፍ ከመቶ ቃል ባልበለጠ መጻፍን የሚያህል ትምህርት የለም። ነገር ግን ይህን ሁሉ የሌሎችን ውሳኔ ለማስፈጸም ብቻ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ሰው ጥሩ ረዳት ይወጣዋል እንጂ ኩሬተር አይሆንም። የትኛው ሥራ ከየትኛው ጎን ይቁም፣ የትኛው ይቅር፣ ለሠዓሊው «ይህኛው አይገባም» ብሎ ማን ይንገረው የሚለውን ፍርድ የሚማረው ራሱ ፈርዶ ውጤቱን በተመልካች ፊት ሲሸከም ነው።

ከውሳኔው መብት የማይነጠለው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ማስታወቂያዎች ብዙውን ጊዜ ለተመራጩ የሚከፈለውን አበል ብቻ ይጠቅሳሉ፤ እሱንም «ተወዳዳሪ ክፍያ» በሚል ድፍን ሐረግ ያልፉታል። የዐውደ ርዕዩ በጀት ግን ሌላ ነው። የሥራዎቹ ማጓጓዣ፣ መድኑ፣ የግድግዳው ቀለም፣ የፕሮጀክተር ኪራይ፣ የኅትመት ወጪና ከሁሉም በላይ ለሠዓሊዎቹ የሚከፈለው ዋጋ ከአንድ ሰው የወር አበል አይወጣም። በጀቱ አስቀድሞ ተለይቶ ካልተቀመጠ ተመራጩ ሐሳቡን ወደ ጎን ትቶ ቀላል፣ ቅርብና ርካሽ የሆነውን መምረጥ ይጀምራል። ሠዓሊዎችንም በነጻ እንዲያሳዩ ይለምናል፤ ማለትም በሙያው የሚማረው የመጀመሪያ ልማድ የሌላውን ድካም ሳይከፍሉ መጠቀም ይሆናል። ኒው ዮርክ ላይ በ2008 ለሠዓሊዎች ክፍያ የሚሟገት ማኅበር የተቋቋመው ይህ ልማድ ሥር ሰዶ በመገኘቱ ነው። የአሜሪካ የሥነ ጥበብ ሙዚየሞች ዳይሬክተሮች ማኅበርም በ2019 አባል ሙዚየሞቹ ለተለማማጆች ክፍያ እንዲፈጽሙ ጠይቋል። በዚያው አገር በሜሎን ፋውንዴሽን ድጋፍ ተሠርቶ በ2015 የወጣ ጥናት በሙዚየሞች ውስጥ በኩሬተርነት፣ በጥገና፣ በትምህርትና በአመራር ላይ ካሉት ሠራተኞች 84 በመቶው ነጮች መሆናቸውን አሳይቷል። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ ሳይከፈለው ዓመት መቆየት የሚችል ብቻ የሚገባበት በር ለዚህ ድርሻ የለውም ማለት አይቻልም።

ጋለሪው ሥዕል የሚሸጥ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የንግድ ጋለሪ ሥራቸውን የሚወክላቸው ሠዓሊዎች አሉት፤ ተመራጩ ከእነሱ ውጭ መምረጥ ይችላል? የሚጽፈው መግለጫ የጥናት ጽሑፍ ነው ወይስ ለገዢ የሚቀርብ ማግባቢያ? መሸጥ ነውር አይደለም፣ ሠዓሊውም የሚኖረው በዚያ ነው። ነውሩ የሽያጭ ረዳት እየፈለጉ ኩሬተር እናሠለጥናለን ማለት ነው።

የጋለሪ ኃላፊዎች «ስማችንን ለጀማሪ አሳልፈን እንዴት እንሰጣለን?» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ስጋታቸውም መሠረት የሌለው አይደለም። መልሱ ግን ገደቡን አስቀድሞ ማስመር ነው። ዋናውን አዳራሽ መስጠት አያስፈልግም፤ አንድ ትንሽ ክፍል፣ ጥቂት ሳምንታትና ጣሪያው የታወቀ በጀት ይበቃል። ኃላፊው ሐሳቡን የሚያግደው ሕግን፣ የሰው ደኅንነትን ወይም የሥራዎቹን ጥበቃ የሚነካ ሆኖ ሲገኝ ብቻ እንደሆነ በውሉ ይጻፍ። በቀረው ይምከር፣ ይሟገት፣ ይቆጣም፤ የመጨረሻው ቃል ግን የተመራጩ ይሁን። በመጥሪያውና በካታሎጉ ላይ ስሙ ከምስጋናው ዝርዝር ግርጌ ሳይሆን በኩሬተርነት ይቀመጥ፤ ዐውደ ርዕዩ ባይሳካም ወቀሳው የእሱ ይሆናል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁን የምጠይቀው፣ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲደርሳችሁ ከማተማችሁ በፊት ለጋለሪው ደውላችሁ የዐውደ ርዕዩ በጀት ከአበሉ ተለይቶ መያዙንና በምርጫው ላይ የመጨረሻው ውሳኔ የማን እንደሆነ እንድትጠይቁ፣ መልሱንም ከቀነ ገደቡ ጎን እንድታሰፍሩ ነው። መልስ ካልሰጡ አለመስጠታቸውን ጻፉት። ያሁኑ ማስታወቂያ የማመልከቻ ጊዜው ገና ስላላለፈ፣ በሚቀጥለው እትም ብታደርጉት ለአመልካቾቹ ይደርስላቸዋል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ ቋሚ አንባቢ